«ወርቅ ያላመጣ አልሮጠም»? የፓሪሱ 10 ሺህ ሜትር ነገር

ዙር 25፦ ትናንት እዚሁ አንዱ ስለ ፓሪስ 2024 የወንዶች 10 ሺህ «ወርቅ ያላመጣ አልሮጠም» ብሎ ላይክ ጎረፈለት። ዩጋንዳዊው ቼፕቴጌይ 26:43.14 ገብቶ ወርቅ፣ የኛው በሪሁ አረጋዊ 26:43.44 ገብቶ ብር። 13 ሰው የቀነኒሳን የቤጂንግ የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን 27:01.17 ባሻሻለበት ውድድር ሁለተኛ የወጣ ልጅ ነው እንግዲህ «ያልሮጠው»!

ወርቅ ብቻ፦ እኔ ነኝ ያልኩት፣ አላነሳውም። ሰዓት ለዳይመንድ ሊግ ነው። ኦሊምፒክ ላይ የሚጠየቀው ማን ቀደመ ነው።

ሰዓት ያዥ፦ እሺ ጌታዬ፣ ሰለሞን ባረጋ ቶኪዮ ላይ በ27:43.22 ወርቅ ወሰደ፤ «ሮጠ»። ፓሪስ ላይ 26:44.48 ገብቶ 7ኛ ሆነ፤ «አልሮጠም»። 59 ሰከንድ ገደማ ፈጥኖ እኮ ነው!

አቃቂ፦ ሁለቱን ሰዓት ማነጻጸርህም አያስኬድም። ቶኪዮ ወበቅ ነበር፣ አካሄዱም ዝግ ያለ። ፓሪስ በአማካይ በዙር 64 ሰከንድ።

ወርቅ ብቻ፦ ተመስገን፣ የሚገባው ሰው መጣ።

አቃቂ፦ አንተን አልደገፍኩም፣ አትንጠልጠልብኝ። የኛ ሦስቱ እየተፈራረቁ መሩ፣ ግን በአብዛኛው በእኩል ፍጥነት። 64ን ሁሉም ከቻለው፣ የሚመራው ለተከታዩ ንፋስ ይከላከልለታል እንጂ ማንንም አይቆርጥም። 6 ዙር ሲቀር አንዱን በ61፣ ቀጣዩን በ65፣ መልሶ በ61 ቢያደርጉት አጨራረስ የሚጠብቁት እግራቸው ይዝል ነበር። ይህን የሜዳልያ ሰንጠረዥም ሆነ የመጨረሻው ሰዓት አይነግርህም። የየዙሩን ሰዓት እይ።

ዙር 25፦ ኩርባውስ? ከውስጠኛው መስመር 1 ሜትር ወጥተህ ከዞርክ በዙር 6.28 ሜትር ትጨምራለህ። በሪሁ የተቀደመባት 0.30 ሰከንድ በመጨረሻው ፍጥነት 2 ሜትር ቢሆን ነው። አንድ ኩርባ ይበላዋል። አሁንም «አልሮጠም»?

ወርቅ ብቻ፦ ታዲያ ውስጡን ይያዛ! እሱም ሩጫ ነው።

ዙር 25፦ ውስጥ ገብተህ ታፍነህ ስትቀርስ? ያኔም «ለምን አልወጣም» ልትል።

አረንጓዴው ጎርፍ፦ ለሜቻ ግርማን ረሳችሁት። ዶሃ በ0.01 ሰከንድ ተቀድሞ ብር፣ ቶኪዮ ብር፣ ዩጂን ብር፣ ቡዳፔስት ብር። የ3 ሺህ መሰናክል የዓለም ክብረ ወሰን 7:52.11 ግን የማን ነው? አራት ጊዜ «ያልሮጠው» ሰው!

ወርቅ ብቻ፦ ያ ሰዓት በአሯሯጭና የክብረ ወሰኑን ፍጥነት በሚያሳየው የመሮጫው ጠርዝ መብራት የመጣ ነው። ፍጻሜ ላይ አሯሯጭ የለም።

አረንጓዴው ጎርፍ፦ መብራቱ መሰናክሉን ዘለለለት በለና!

ሰዓት ያዥ፦ ያው መብራት ለሁሉም ይበራል፣ 7:52 የገባ ሌላ ካለህ አምጣ።

ወርቅ ብቻ፦ አንተ መጀመሪያ ወርቁን አምጣ።