ጥቆማ፦ ለወጥም ለልጆችም የሚሆን ዱባ ሜሪላንድ አካባቢ ከየት ልግዛ?

ጽጌ_ሲልቨርስፕሪንግ
ሰላም ወገኖች፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ሁለት ነገር ልጠይቃችሁ። አንደኛ፣ ጥቅምት በገባ ቁጥር ልጆቼ ከትምህርት ቤት የሃሎዊን ዱባ ወሬ ይዘው እየመጡ ቤቱን ያምሱታል። እርሻ ወስጃቸው ራሳቸው ቢመርጡ ደስ ይለኛል፤ የሚያስፈራ ፊት ተቀርጾ በቤቴ በር ላይ እንዲቀመጥ ግን አልፈልግም። ሌላ ምን ይሠራበታል? ሁለተኛ፣ ጽጌን እጾማለሁና ዱባ ወጥ አምሮኛል። ግሮሰሪ በር ላይ የሚቆለለው ትልቁ ብርቱካንማ ድስት ውስጥ ሲገባ ውሃ ብቻ ነው። የአገር ቤቱን የሚመስል የቱ ጋ አለ? ኤች ማርት፣ ትሬደር ጆ ወይስ ሐበሻ ሱቅ?

ሸገር_በስደት
ዱባ ለመልቀም ትኬት ይቆረጣል አሉ። እኛ ሰፈር አጥር ላይ ተንጠልጥሎ ጎረቤት በነፃ ሲሰጥ «ኧረ እኛም ሞልቶናል» ተብሎ ነበር የሚመለሰው። በርቱ፣ ዶላሩ እንኳን በዛላችሁ።

የአሌክሳንድሪያው
እህቴ፣ ሐበሻ ሱቅ ግዢ፣ ሌላ ቦታ አትልፊ። እኔ የምገዛባት አንዲት ትንሽ ሱቅ አለች፤ በርበሬዋ፣ ሽሮዋ፣ እንጀራዋ አንደኛ ነው። ሴትዮዋ ሰው ታውቃለች። ከሌላ ገዝቼ አላውቅም፣ አልገዛምም።

ወይኒ_ኩሽና
የአሌክሳንድሪያው፣ ጥያቄው ዱባ ነው። ዱባ አላት?

የአሌክሳንድሪያው
አላየሁም። ቢኖራት ግን ጥሩውን ነው የምታመጣው።

ወይኒ_ኩሽና
😂 እሺ። ጽጌ፣ ለወጥ ካቦቻ የሚባለውን ፈልጊ፤ ቆዳው ጥቁር አረንጓዴ፣ ውስጡ ደማቅ ብርቱካንማ፣ ጠፍጠፍ ያለ ክብ ነው። ዊተን ያለው ኤች ማርት አያጣውም፣ ኮሪያዎቹም ጃፓኖቹም ስለሚወዱት። በር ላይ የሚቆለለው ለመቅረጽ ተብሎ የተዳቀለ ነው፤ ትልቅና ቀጥ ብሎ የሚቆም እንዲሆን እንጂ ጣዕሙን ያሰበለት የለም። ሥጋው ስስ፣ ጭረታምና ውሃማ ነው። ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል ነው ነገሩ።

ስትመርጪ ለመጠኑ ከበድ የሚለውን፣ ግንዱ ደርቆ ቡሽ የመሰለውን፣ ቆዳው የማያብለጨልጨውን ያዢ። መሬት ላይ የተኛበት ጎኑ ቢጫ ወይም ብርቱካንማ ከሆነ በስሎ ነው የተቆረጠው። ለመቁረጥ ድንጋይ ነው፤ በቢላ ጫፍ ሁለት ሦስት ቦታ ወጋ ወጋ አድርገሽ ማይክሮዌቭ ውስጥ ጥቂት ደቂቃ ብታስገቢው ይለሰልሳል። ቆዳው ይበላል፣ መላጥ የለበትም። ሽንኩርቱን በደንብ አቁላልተሽ፣ ዘይትና በርበሬውን አብስለሽ፣ ዱባውን በትልልቁ ከትፈሽ ጨምሪና ክደኚው። በላዩ ውሃ አትድገሚ፤ የራሱ ይበቃዋል። በማማሰያም አትንኪው፣ ድስቱን ይዘሽ ነቅነቅ ብቻ።

ጎማዬ_የሰመጠው
ስለ እርሻው እኔን ስሙኝ። አምና ከቤተሰቤ ጋር አንድ እርሻ ሄድን። ትኬቱ በኦንላይን፣ ቀኑ የተቆረጠ፣ የማይመለስ፤ ገና የሚንገዳገደውም ልጅ ሳይቀር ይከፈልበታል። ሌሊቱን ሲዘንብ አደረ። ፓርኪንጉ የሣር ሜዳ ነው፤ መኪናዬ ገና ሳትቆም ጎማዋ ግማሽ ድረስ ሰመጠ። ትራክተር እስኪመጣ ተራ ጠበቅን። ገብተን ደግሞ ዱባው ለብቻው በፓውንድ ይመዘናል ተባልን! ታዲያ ትኬቱ የምን ነው? አየር ልንስብ? ልጄ አንዱን መረጠ፣ ከላይ ያለውን ግንድ ይዞ ሲያነሳው ቀጭ አለና ዱባው ጭቃ ውስጥ ተዘረረ። እሱኑ በናፕኪን ጠርገን ሚዛን ላይ አወጣነው። ሳምንት ሳይሞላው ከሥሩ በስብሶ ደረጃው ላይ ውሃ ለቀቀ። ገንዘቤን መልሱ ብዬ ስጽፍላቸው «ዝናብም ቢሆን ክፍት ነን» ብለው መለሱልኝ።

ቡና_ሦስተኛ
የቱ እርሻ ነው?

ጎማዬ_የሰመጠው
ስም አልጠራም። ሰው የሚያውቃቸው እርሻዎች፣ ባትለርስ ኦርቻርድም ኮክስ ፋርምስም እንዳልሆነ ግን ልንገራችሁ።

ሸገር_በስደት
ስሙ ካልተጠራ ምን አተረፍን? ሜሪላንድን በሙሉ እንፍራ?

ቡና_ሦስተኛ
ዝናብ እያየህ ለምን ወጣህ ወንድሜ?

ጎማዬ_የሰመጠው
ቀኑ የተቆረጠ ነው አልኩ እኮ! ማንበብ ቀረ?

ዳታ_ሠራተኛ
በክሬዲት ካርድ ከከፈልክ ባንክህ ጋ ደውለህ ዲስፒዩት አድርግ፣ ክፍያውን አልቀበልም በል።

ጎማዬ_የሰመጠው
ዓመት አለፈው።

ዳታ_ሠራተኛ
እንግዲያው አልፏል በቃ።

የሁለት_ልጆች_እናት
ወደ ጥያቄው ልመልሳችሁ። እኛ ጀርመንታውን ባትለርስ ኦርቻርድ ነው የምንሄደው። ከ1950 ጀምሮ ያለ የቤተሰብ እርሻ ነው። ጥቅምት ቅዳሜና እሁድ ፌስቲቫል አላቸው፤ የገለባ ጋሪ አለ፣ መንሸራተቻ አለ፣ ሰውም አለ። ግርግር ካልወደድሽ በሥራ ቀን ከትምህርት ቤት መልስ ውሰጃቸው። ቨርጂኒያ ላላችሁ ሴንተርቪል ያለው ኮክስ ፋርምስ ሰፊ ነው፣ ትንንሽ ልጅ ይዞ ቀን ሙሉ ይዋልበታል። የትም ብትሄዱ ዱባው በትኬቱ ይካተት አይካተት አስቀድማችሁ ጠይቁ። ለልጆቹም ንገሯቸው፤ ዱባ በግንዱ አይነሳም፣ ከሥር ታቅፎ ነው። ግንዱ ከተሰበረ ቶሎ ይበሰብሳል፣ ያንተም ለዚያ ሳይሆን አይቀርም ጎማዬ።

እማማ_ዘቦዊ
ልጆቼ፣ ይሄ ሃሎዊን የሚሉት ነገር የእኛ አይደለም። አጋንንት በር ላይ አስቀምጦ ደግሞ ጽጌ መጾም ምን የሚሉት ነው?

ወይኒ_ኩሽና
እማማ፣ እሷም ፊት አልቀርጽም ነው ያለችው። ሌላ ሐሳብ ስጡኝ ነው የምትለው።

እማማ_ዘቦዊ
እንዲያ ነው? መነጽሬን ሳላደርግ ነው ያነበብኩት። እንግዲያው ፍሬውን እንዳትጥይው ልጄ። ከጭረቱ ለይተሽ እጠቢው፣ በፎጣ ላይ አስጥተሽ በደንብ ይድረቅ፤ ካልደረቀ ኦቨን ውስጥ ይላላል እንጂ አይቆላም። ጨውና ጠብታ ዘይት ነካ አድርገሽ በ325 ፋራናይት ሃያ ደቂቃ ያህል፣ መሃል ላይ እያገላበጥሽ። ለልጆቹ እንዲያው፣ ለእናንተ ሚጥሚጣ ነስነስ። ለቡና ቁርስ ከፈንዲሻ ጋር አቅርቢው። ድሮ እናቶቻችን ኮሶ ሲይዘን የሚሰጡን ይሄንኑ ፍሬ ነበር።

ቡና_ሦስተኛ
ስለ ቡና ከተነሣ፣ ስታርባክስ ያለው የዱባ ላቴ ዱባ የለበትም፣ ቅመም ብቻ ነው። ብራችሁን አታቃጥሉ።

ዳታ_ሠራተኛ
በ2003 ሲጀምሩት አልነበረበትም። ከ2015 ጀምሮ ግን የተፈጨ ዱባ ጨምረውበታል። ጾም ለያዛችሁ ሶሱ ራሱ ወተት አለበት፣ ኦት ሚልክ ብትሉም አታመልጡም።

ቡና_ሦስተኛ
ማን ጠየቀህ?

ዳታ_ሠራተኛ
አንተንስ?

ጥለት_ወዳድ
ጽጌ፣ ፊት ላልፈለገ ይሄን ሞክሪ። ነጭ ዱባ አለ፣ ትሬደር ጆ በመኸር ያመጣል፣ እርሻዎቹም ጋ አይጠፋም። አጥበሽ አድርቂውና መሃል ወገቡ ላይ በእርሳስ ሁለት መስመር አዙሪ። በመስመሮቹ መካከል ልጆቹ በአክሪሊክ ማርከር ጥለት ይሳሉ፤ አረንጓዴ፣ ወርቃማ፣ ቀይ፣ ትንንሽ መስቀል፣ አልማዝ። ሐበሻ ቀሚስ የለበሰ ዱባ ይሆንልሻል! የእኔ ልጅ ከላዩ ነጠላ ብላ የጋዝ ጨርቅ ጣል አድርጋበት የአሜሪካን ጎረቤቶች ፎቶ ሲያነሱት ነበር። ቢላ አልነካውምና ወር ከዚያም በላይ ይቆያል። የተቀረጸው እኮ ከሳምንት አያልፍም።

መብራት ከፈለጉ ውስጡን ፈልፍለሽ በመሰርሰሪያ ነጥብ ነጥብ እያደረግሽ የመስቀል ቅርጽ አውጪበት፣ በባትሪ የሚሠራ ሻማ ከውስጥ። እሱን አንቺ ሥሪው፣ ልጆቹ ፍሬ ያውጡ።

የሁለት_ልጆች_እናት
ጥለቱ አሪፍ ነው! እኔም ልጨምር፤ ልጄ የኦቾሎኒ አለርጂ አለባት። ዱባችንን አረንጓዴ ቀላቅሎ ባለው ሰማያዊ፣ ቲል በሚሉት ቀለም ቀብተን በር ላይ እናስቀምጠዋለን። በሃሎዊን ከረሜላ ሊጠይቁ ለሚዞሩት ልጆች «እዚህ ቤት ከረሜላ ብቻ ሳይሆን የማይበላ ስጦታም አለ» ማለት ነው። አለርጂ ላይ የሚሠራው ፌር የሚባለው ድርጅት ከ2014 ጀምሮ በመላ አገሪቱ ያስፋፋው ነው። እርሳስ፣ ስቲከር፣ ትንሽ ኳስ ብቻ አዘጋጁ።

ጎማዬ_የሰመጠው
የእኛን ደግሞ የተረፈውን ስኩዊረል በላው። እሱን ነገርኳችሁ?

ወይኒ_ኩሽና
ሚጥሚጣ በዘይት አሽተህ ቀባው፣ ስኩዊረል የሚያቃጥል ነገር አይወድም። ዝናብ ሲያጥበው ትደግማለህ። ልጆቹ በእጃቸው ነክተው ዓይናቸውን እንዳያሹ ብቻ።

ሸገር_በስደት
ሚጥሚጣ በዚህ ዋጋ ለስኩዊረል? አገሬ ግቢ።

የሩቅ_ዘመድ
ዘግይቼ ነው የገባሁት። የጣሳ ዱባ አይሆንም? እኔ ጋ ሊቢስ ብዙ አለ።

ወይኒ_ኩሽና
ለወጥ አይሆንም፣ ገንፎ ነው የሚሆንብህ። ሊቢስ የሚያሽጉት ዲኪንሰን የሚባል ዝርያ ነው፣ ኢሊኖይ ሞርተን አካባቢ የሚበቅል፤ ቆዳው ነጣ ያለ፣ ሥጋው ጥሩ ነው፣ ግን ተፈጭቶ ነው የሚመጣው። ለሾርባ ከዝንጅብልና ከነጭ ሽንኩርት ጋር ግሩም ነው። የዳቦ ሊጥ ውስጥም ግባ።

የሩቅ_ዘመድ
እኔ ልግባ?

ወይኒ_ኩሽና
አስገባ 😂

ጽጌ_ሲልቨርስፕሪንግ
ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ጥለቱን ልጆቹ አይተው ከአሁኑ ቀለም ተጣልተዋል። አንድ ጥያቄ ቀረኝ፤ ቀለም የተቀባውን ሲያልቅ ለፍየል መስጠት ይቻላል? አንድ የማውቃቸው ሰውዬ ፍየል አላቸው።

የሁለት_ልጆች_እናት
ቀለም፣ ቫዝሊን ወይም በረኪና የነካው ለእንስሳ አይሰጥም። ንጹሁን ግን ከፋፍለሽ ስጪ፣ በደስታ ነው የሚበሉት። በመጨረሻ ከየት ገዛሽ?

ቡና_ሦስተኛ
እርሻውስ የቱ ነበር?

የአሌክሳንድሪያው
ዛሬ ሱቋ ሄጄ ጠየቅሁላችሁ። ዱባ የለም። ሽሮ ግን አዲስ ገብቷል፣ ፈጠን በሉ።