ገንዘብ የሚያስተላልፍ ኮምፖነንት፦ ስፔሲፊኬሽኑ ከየት ይጀመራል?

ጠያቂ፦
ጤና ይስጥልኝ። ከአንድ ሒሳብ ወደ ሌላ ሒሳብ ገንዘብ የሚያስተላልፍ ኮምፖነንት (የፕሮግራም ክፍል) አለን። እስካሁን የሚጠራው የራሳችን ሲስተም ብቻ ነበር፤ በቅርቡ ግን ሌሎች ቡድኖችም በየፕሮግራማቸው ሊያስገቡት ነው። ዩኒት ቴስቶቹ (እያንዳንዱን የኮድ ክፍል ለብቻው የሚፈትኑት) ሁሉ ያልፋሉ። ይሁንና ኮምፖነንቱ ምን እንደሚሠራ በሒሳባዊ ቋንቋ ተጽፎ (ስፔሲፊኬሽን የሚባለው ማለት ነው) በመሣሪያ እንዲረጋገጥ ሐሳብ ቀርቧል። ኮዱ ሠላሳ መስመር እንኳ አይሞላም፤ ታዲያ እንዲህ ያለው ሥራ ቴስት ያላሳየንን ምን ሊያሳየን ይችላል? ለዚህስ ኮድን ከነውሉ ጽፎ የሚያረጋግጠው ዳፍኒ ይሻላል ወይስ የሲስተም ንድፍ የሚጻፍበት ቋንቋ ቲኤልኤ ፕላስ?

ሎጂክ_ወዳድ፦
ስለ መስመሩ ማነስ ብዙ አይጽናኑ። ባይነሪ ሰርች (በቅደም ተከተል የተደረደረን ዝርዝር ከመካከል እየከፈለ የሚፈልግ ዘዴ) ከዚያም ያነሰ ኮድ ነው፤ ሆኖም በጃቫ ላይብረሪ ውስጥ የነበረው ለዘጠኝ ዓመት ገደማ ስሕተት ይዞ ቆይቶ ኮዱን የጻፉት መሐንዲስ ጆሹዋ ብሎክ እ.ኤ.አ. በ2006 ጉዳዩን ለሕዝብ ጻፉ። መካከለኛውን ቦታ ለማግኘት ሁለቱ ጠርዞች ሲደመሩ ድምሩ ከ2,147,483,647 ካለፈ ወደ ኔጌቲቭ ይገለበጥ ነበር። ያን ያህል ትልቅ ዝርዝር በቴስት ላይ ያስገባ ሰው አልነበረም።

ወደ እርስዎ ጉዳይ ስንመጣ፣ መሣሪያ ከመምረጥ በፊት ውሉን በወረቀት ላይ መጻፍ ይቀድማል። አካሄዱ ቶኒ ሆር እ.ኤ.አ. በ1969 ያቀረቡት ነው፦ ሥራው ከመጀመሩ በፊት እውነት መሆን ያለበት ቅድመ ሁኔታ ተብሎ፣ ሲያልቅ እውነት የሚሆነው ደግሞ ድኅረ ሁኔታ ተብሎ ይጻፋል። ብዙ ሰው በመጀመሪያ የሚጽፈው ይህን ነው፦ «የሚተላለፈው መጠን ከዜሮ ይበልጣል፤ የላኪው ቀሪም ከመጠኑ አያንስም»፤ ሲያልቅም «የላኪው ቀሪ ከቀድሞው በመጠኑ ልክ ቀንሷል፤ የተቀባዩም በዚያው ልክ ጨምሯል»። ይህንኑ በዳፍኒ ቅድመ ሁኔታውን «ሪኳየርስ»፣ ድኅረ ሁኔታውን «ኤንሹርስ» ብለው ጽፈው ሲያስኬዱት ድኅረ ሁኔታውን ማረጋገጥ አልቻልኩም የሚል መልስ ያገኛሉ። ላኪውና ተቀባዩ አንድ ሒሳብ እንዳይሆኑ የከለከለ ዐረፍተ ነገር የለምና፣ አንዱ ቀሪ በአንድ ጊዜ 200 ቀንሶም 200 ጨምሮም ሊገኝ አይችልም።

ይህ የወረቀት ላይ ጨዋታ እንዳይመስልዎት ኮዱን ይክፈቱና ይዩት። ሁለቱን ቀሪዎች አስቀድሞ አንብቦ፣ የላኪውን ጽፎ፣ ከዚያ የተቀባዩን የሚጽፍ ከሆነ፣ 1,000 ብር ያለበት ሒሳብ ለራሱ 200 ብር ሲልክ መጀመሪያ 800 ይጻፋል፤ ወዲያው 1,200 ይተካዋል። 200 ብር ከየትም ሳይመጣ ተፈጠረ ማለት ነው። ቴስት የሚጽፍ ሰው ገና ሲጀምር ሁለት የተለያዩ ሒሳቦችን ስለሚፈጥር ይህ አጋጣሚ በቀላሉ ያመልጠዋል፤ አረጋጋጩ ግን ቅድመ ሁኔታው የፈቀደውን ሁሉ አንድ ሳያስቀር ይመለከታል። ለራስ መላክ ይከልከል ወይስ ቀሪው ሳይለወጥ ይፈቀድ የሚለውን እንግዲህ የሥራው ባለቤት ይወስን፤ ፕሮግራመሩ ለብቻው የሚቆርጠው አይመስለኝም።

የድሮ_መሐንዲስ፦
«ሌሎች ቡድኖች ሊያስገቡት ነው» ያሉት ነገር ከሁሉ በላይ ያሳስበኛል። አርያን 5 ሮኬት እ.ኤ.አ. ሰኔ 4 ቀን 1996 በመጀመሪያ በረራዋ ከ40 ሰከንድ ገደማ በኋላ የወደመችው ከአርያን 4 በተወረሰ የሶፍትዌር ክፍል ምክንያት ነው። ክፍሉ ከአግድም ፍጥነት ጋር የተያያዘ ባለ 64 ቢት ቁጥር ወደ ባለ 16 ቢት ይለውጥ ነበር፤ እዚያ ውስጥ ደግሞ ከ32,767 በላይ አይገባም። ለዚህ አደጋ ከተጋለጡት ሰባት ተለዋዋጮች አራቱ ጥበቃ ሲደረግላቸው ሦስቱ የተተዉት ቁጥራቸው ያን ያህል አያድግም ተብሎ ነበር፤ ይህም በአርያን 4 አካሄድ ልክ ነበር። አዲሷ ሮኬት ግን አግድም ፍጥነቷ ቶሎ የሚያድግ ሆነች። ተጠባባቂው ኮምፒውተርም ያንኑ ሶፍትዌር የሚያስኬድ ስለነበር በዚያው ምክንያት አብሮ ወደቀ። «ቁጥሩ ከዚህ አይበልጥም» የሚለው ግምት ጠሪው በሚያየው ቦታ እንደ ቅድመ ሁኔታ ሰፍሮ ቢሆን፣ ክፍሉን የወሰዱት መሐንዲሶች ከአዲሱ በረራ ጋር ለማስተያየት ይገደዱ ነበር። ስለዚህ የእናንተ ኮምፖነንት የሚገምታቸውን ሁሉ፣ የገንዘቡን ዓይነትና ከፍተኛውን መጠን ጨምሮ፣ በውሉ ላይ አስፍሯቸው።

ጠያቂ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ውሉን አሳጥሬ «የሁሉም ሒሳቦች ድምር አይለወጥም» ብቻ ብለው አይበቃም? ሁለት ዝውውሮች በአንድ ጊዜ ሲመጡስ?

ሎጂክ_ወዳድ፦
አይበቃም። ምንም የማይሠራ ባዶ ፈንክሽንም ድምሩን አይለውጥም፤ የማይመለከተውን ሦስተኛ ሰው ሒሳብ ቀንሶ ለተቀባዩ የሚሰጥም እንዲሁ። ድምሩን ይጻፉ፤ ነገር ግን ከሁለቱ በቀር የማንም ቀሪ እንደማይነካ የሚናገረው አብሮ ይጻፍ። በዳፍኒ «ሞዲፋይስ» የሚባለው ለዚሁ ነው።

ባክኤንድ_ሠራተኛ፦
ሁለተኛውን ጥያቄ ልመልስ። ከላይ የተጻፈው ውል የሚናገረው ስለ አንድ ጥሪ መነሻና መድረሻ ነው። 1,000 ብር ካለበት ሒሳብ ሁለት ጥሪዎች 800፣ 800 ለመላክ ቢመጡና ሁለቱም ቀሪውን ያነበቡት አንዳቸውም ሳይጽፉ ከሆነ፣ ቅድመ ሁኔታው ለሁለቱም እውነት ሆኖ ያልፋል። እንዲህ ላለው ነገር ሌስሊ ላምፖርት የሠሩት ቲኤልኤ ፕላስ ይስማማል፤ ሞዴል ቼከሩ (ሞዴሉን፣ ማለትም በዚህ ቋንቋ የተጻፈውን ንድፍ፣ የሚፈትሸው መሣሪያ) በሞዴሉ ውስጥ ሊኖር የሚችለውን የእርምጃ ቅደም ተከተል ሁሉ ያስሳል። አማዞን ይህን ቋንቋ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ የተጠቀመበት ሲሆን፣ ዳይናሞዲቢ በተባለው ዳታቤዙ ላይ የተገኘ አንድ ባግ (ስሕተት) እንዲታይ ቢያንስ 35 እርምጃ ያስፈልገው ነበር።

ሆኖም ቲኤልኤ ፕላስ የሚፈትሸው ንድፉን እንጂ ኮዳችሁን አይደለም። እስከ ኮዱ ድረስ ማረጋገጥ ውድ ነው፦ እ.ኤ.አ. በ2009 የተረጋገጠው ኤስኢኤል4 ከርነል (የኦፐሬቲንግ ሲስተም እምብርት) ወደ 8,700 መስመር የሲ ኮድ ሲሆን ማረጋገጫው 200,000 መስመር ገደማ ወስዷል። በእኔ አስተያየት የአንዱን ጥሪ ውል በዳፍኒ፣ የጥሪዎቹን መደራረብ በቲኤልኤ ፕላስ ብትይዙት ይበቃችኋል። ሞዴሉን በሁለት ሒሳብና በሁለት ዝውውር ጀምሩ፤ ማንበብንና መጻፍን ለየብቻ እርምጃ አድርጓቸው። አንድ ላይ ከጠቀለላችኋቸው የምትፈልጉት ስሕተት በሞዴሉ ውስጥ ፈጽሞ አይታይም።