የሰፈር ቅምሻ፦ ጠጅ፣ ጠላ፣ ማርና ዓይብ ለ60 ሰው እንዴት ይዘጋጃል?

የኮሚቴው ጸሐፊ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እዚሁ አዲስ አበባ፣ በኮንዶሚኒየም ግቢያችን በኅዳር መጀመሪያ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት የቅምሻ ፕሮግራም ልናዘጋጅ ነው። ድግስ አይደለም። ሰው ጎረቤቱ የሚሠራውን ቀምሶ እንዲያውቅ፣ ካማረውም እንዲያዝ ነው። ቀማሹ 60 ሰው ገደማ ይሆናል። እሺ ያሉት ሁለት ጠጅ ጣዮች፣ ቄሪቦም የምትሠራ አንዲት ጠላ ጠማቂ፣ ሦስት ዓይነት ማር የምታስመጣ ጎረቤት፣ ዓይብ የምታወጣ፣ ድፎ ዳቦ የምትጋግርና ቡና ቆልታ የምትሸጥ ናቸው። አንድ ሰው ደግሞ አረቄ ላምጣ ብሏል። ቦታው ኮሙናሉና ፊት ለፊቱ ያለው ሜዳ ነው፤ ድንኳንና አግዳሚ ከእድሩ እናገኛለን።

ከያንዳንዱ ስንት ይበቃል? ምን ይቅደም፣ ምን ይከተል? በብርሌ ይሁን በብርጭቆ? ጾም የያዘውና አልኮል የማይነካው ጎረቤት ዳር እንዳይቀር ምን እናድርግ? አረቄውስ ይግባ ወይስ ይቅር?

ወይራ ጭስ፦
ከቀኑ ልጀምር፤ ሌላው ሁሉ ከሱ ወደ ኋላ የሚቆጠር ነው። ኅዳር 15 የነቢያት ጾም ይገባል፤ ከዚያ በኋላ ዓይቡ ቀማሽ አያገኝም። ጾመ ጽጌ የሚፈታው ኅዳር 5 አልፎ ነው፤ የፈቃድ ጾም ቢሆንም ከ60 ሰው ውስጥ የሚይዘው አይጠፋም። ከኅዳር 6 እስከ 14 ባለው ውስጥ አንዲት ቅዳሜ የግድ አለች። እሷን ያዙ።

አሁን ወደ ጠጁ። ከተማችን ከፍታዋ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። በጥቅምት ሌሊቱ ይበርዳል፣ ጥንስሱም ይንቀረፈፋል። ቆላ ላይ በአሥር በአሥራ ሁለት ቀን የሚደርሰው ጠጅ እዚህ ሦስት ሳምንት ሊፈጅ ይችላል። ስለዚህ ጥቅምት 10 ላይ ያልተጣለ ጠጅ ለቅምሻው አይደርስም ብላችሁ አስቡ። ለሁለቱ ጠጅ ጣዮች ደግሞ አስቀድማችሁ ንገሯቸው፦ አንዷ ለስላሳ፣ ሌላዋ ደረቅ ትጣል። ለስላሳው አንድ እጅ ማር በሦስት እጅ ውሃ፣ ደረቁ አንድ በአራት ወይም በአምስት ሆኖ ረዘም ብሎ ይቆይ። ሁለት አንድ ዓይነት ጠጅ ጎን ለጎን ከቀረበ ሰው የሚያወራው ስለ ጠጁ ሳይሆን ማን ማንን በለጠች እያለ ነው፤ በአንድ ደረጃ ለሚወጡና ለሚወርዱ ጎረቤቶች ይሄ አይበጅም።

ልክ፦ ለአንድ ሰው 50 ሚሊ ሊትር፣ ለ60 ሰው 3 ሊትር። ከሥር አንድ ሊትር ያህል ከነአተላው የሚቀር አለ፣ “ድገሚኝ” የሚልም አይጠፋም። ከያንዳንዷ 5 ሊትር ተቀበሉ።

ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ማጓጓዙ ላይ ነው። ገና የሚፈላን ጠጅ ጄሪካን እስከ አፉ ሞልቶ ክዳኑን ጥርቅም ማድረግ ትልቁ ጥፋት ነው። ጋዙ መውጫ ያጣና ጄሪካኑ ይነፋል፤ ክዳኑን ስትነኩት ግማሹ ኮሪደር ላይ ነው። ሦስት አራተኛውን ብቻ ሙሉ፣ ክዳኑን ግማሽ ዙር አላሉ። ሁለተኛው ጥፋት በሰዓቱ ይዞ መምጣት ነው። ከአራተኛ ፎቅ ሲወርድ የተናጠ ጠጅ አተላው ይነሣል፤ ድፍርስ ሆኖ፣ እርሾ እርሾ እያለ ይቀርባል፣ ጠጅ ጣይዋም ያለ ጥፋቷ ትታማለች። ዓርብ ማታ ይምጣ፣ ኮሙናሉ ጥግ መሬት ላይ ይደር። ቅዳሜ ማንም ሳያነሳው በቀጭን ጎማ ከላይ ይቀዳ፤ የጎማው ጫፍ ከሥሩ አራት ጣት ያህል ከፍ ይበል።

ስኳር ገብቶበት ከሆነ መለያው ላይ ይጻፍ። ስኳር ያለበት ጠጅ ዋጋው ስለሚቀል የራሱ ገዢ አለው፤ ከማር ብቻ ከተጣለው ጋር ሳይለይ እንዳይቆም ብቻ።

የጓዳ ሰው፦
ወይራ ያለው ልክ ነው። ጠላው ግን ከጠጁ ይልቅ ስስ ነው። ጋኑ እንደታሸገ ይቆያል፤ አፉ ከተከፈተ አየር ገብቶ በማግስቱ መኮምጠጥ ይጀምራል። ጠማቂዋ ሐሙስ ለሌላ ደንበኛ ከከፈተችው ጋን ቀድታ እንዳታመጣ። ለዚህ ፕሮግራም ለብቻው አነስ ያለ ገንቦ ትጥመቅ፣ ቅዳሜ ጠዋት ይከፈት። በሰው 100 ሚሊ ሊትር ሒሳብ 6 ሊትር ነው፤ ከአተላው ጋር 9 ሊትር ያዙ። ግማሹን ጉሹን፣ ግማሹን የጠለለውን አድርጋችሁ ጎን ለጎን አቅምሱ፤ ከተማ ያደገ ልጅ ሁለቱ ከአንድ ጋን መውጣታቸውን ላያውቅ ይችላል። ቅራሪ፣ ማለትም አተላው ላይ ውሃ ተጨምሮ የሚወጣው፣ ግን አይቅረብ። ለቤት ደኅና ነው፤ እንግዳ ሲቀምሰው ጠላዋ ሁሌ እንደዚያ የቀጠነ ይመስለዋል።

ቄሪቦ ላይ ተጠንቀቁ። ገብሱ ጠቁሮ ተቆልቶ ቢፈላም በኋላ ስኳርና እርሾ ይገባበታል። እርሾ ካለ፣ ስኳር ካለ፣ ሙቀትና ጊዜ ከተጨመረ አልኮል ይመጣል። ዓርብ ማታ ተሠርቶ ቀዝቃዛ ቦታ ያደረ ቀላል ነው፤ ረቡዕ ተሠርቶ ጓዳ የከረመ ሌላ መጠጥ ነው። “አልኮል የለበትም” ከሚለው ጽሑፍ ሥር በፍጹም አታስቀምጡት። ለዚያ ጠረጴዛ ብርዝ ይበቃል፦ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ አምስት እጅ፣ ማር አንድ እጅ፣ ጌሾ የለም፣ የዚያኑ ቀን ጠዋት የተበረዘ። ዕቃው ጠጅ ገብቶበት የማያውቅ ይሁን፤ የጠጅ ዕቃ ታጥቦም እርሾው ስንጥቅ ውስጥ ይቀራል። ጠረጴዛው፣ ብርጭቆው፣ ጭልፋው ለብቻ ይሁን። ሙስሊም ጎረቤቶቻችሁ ይህን ሳይጠይቁ ቢያገኙት ነው የሚያምረው።

ማር ቆራጭ፦
ማር ሲቀመስ ከቀላሉ ወደ ከባዱ ነው፤ ነጩ መጀመሪያ፣ ቢጫው ቀጥሎ፣ ጥቁሩ የጫካ ማር ወይም መረር የሚለው የግራዋ ማር መጨረሻ። ከገለበጣችሁት ነጩ እንደ ስኳር ውሃ ይሆናል። በሰው በዓይነቱ ግማሽ የሻይ ማንኪያ፣ 4 ግራም ገደማ፤ ለ60 ሰው 240 ግራም ነው፣ 400 ግራም አዘጋጁ። በመካከል የሚጠጣው ለብ ያለ ውሃ ይሁን፣ ዳቦ አይሁን፤ የዳቦው ጨው ጣዕሙን ያዛባል።

የረጋ ማር ያየ ሰው “ስኳር ነው” ማለቱ አይቀርም። የላስታና የትግራይ ነጭ ማር በተፈጥሮው ቶሎ ይረጋል፣ ቅቤ ይመስላል። ሻጯ ይህን በወረቀት ጽፋ ፊት ለፊት ታስቀምጥ። ለማሳመር ብላ ምድጃ ላይ እንዳታቀልጠው፤ መዓዛው ይተናል፣ መልኩም ይጠቁራል። የግድ ከሆነ ማሰሮውን እጅ የሚችለው ሙቅ ውሃ ውስጥ፣ 40 ዲግሪ ገደማ፣ ታስቀምጠው።

ደግሞ ማሩን ሜዳው ላይ አታቅምሱ። በኅዳር ክፍት ማር ደጅ ካወጣችሁ አንዲት ንብ ታገኘዋለች፣ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ዘመዶቿን ሁሉ ይዛ ትመጣለች። ኮሙናሉ ውስጥ፣ መስኮት ተዘግቶ፣ ክዳን ያለው ዕቃ፣ አንዴ ተነክሮ የሚጣል ስንጥር። አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር አይቀመስም፤ እናቶች በጣት አስነክተው ስለሚሰጡ ጠረጴዛው ላይ የምትቆመው ሰው ትንገራቸው።

ዓይቡን ልጨምር። 20 ግራም በሰው፣ 1.2 ኪሎ። ጠዋት የወጣ ይሁን፣ በረዶ ባለበት ሳጥን ይቀመጥ፣ ከሳጥኑ በየጊዜው ጥቂት ጥቂት ይውጣ፤ ደጅ ከሁለት ሰዓት በላይ የቆየ ይጣል። አሬራው የመጣበት ወተት ፈልቶ እንደሆነ ጠይቁ። ዓይብ የሚወጣበት ለዘብ ያለ እሳት ጀርም ይገድላል ተብሎ አይታመንም። ሚጥሚጣው ለብቻ ይቅረብ፤ ሚጥሚጣ የገባበት ምላስ ከዚያ በኋላ ጠጅ አይለይም።

አቦል፦
የማር ቆራጭን የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር ላሰፋው። ቅደም ተከተሉ፦ ማር፣ ብርዝ፣ ጠላ፣ ለስላሳ ጠጅ፣ ደረቅ ጠጅ፣ ከዚያ ዳቦና ዓይብ፣ ቡና መጨረሻ። ዳቦውን መካከል ላይ ቆርሳችሁ ብትሰጡም አልከፋም፣ ባዶ ሆድ ለመጣ ሰው ያስፈልገዋል። ቡና ከቀደመ ግን መራራው አፍ ላይ ይቀመጣል።

ዕጣን ደግሞ ሁላችንም የምንሳሳትበት ነው። ቡና ካለ ዕጣን አለ ብለን ከመጀመሪያው እናጨሳለን፣ ከዚያ በኋላ ማሩም ጠጁም ዕጣን ዕጣን ይላል። የመጨረሻው ቡድን ጠጁን እስኪጨርስ ከሰል አይጫር። ለብርጭቆም እንዲሁ ነው፦ በላርጎ የታጠበ ብርጭቆ ሦስቴ በሙቅ ውሃ ካልተለቀለቀ የሎሚ ሽታው ይቀራል።

ቡናውን ለማወዳደር ከፈለጋችሁ ሁለት ይበቃል፤ የታጠበ ይርጋጨፌና ያልታጠበ ሐረር። እኩል ይቆላ፣ ያውም ዓርብ። ወዲያው የተቆላ ቡና ጋዝ ስለሚለቅ ሲፈላ ይገነፍላል፣ ጣዕሙም ገና አልተሰበሰበም። በአንድ ሊትር ውሃ 60 ግራም፣ አቦሉ ብቻ፣ በሰው ግማሽ ስኒ። በስኒ ላይ ቀጥታ ውሃ አፍስሳችሁ እንደ ባለሙያ የምትቀምሱ ከሆነ 11 ግራም በ200 ሚሊ ሊትር ነው። መመሪያዎቹ 93 ዲግሪ ይላሉ፤ አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ገደማ ስለሆነ ሳትጠብቁ እንደፈላ አፍስሱት።

ብርሌ፦
ስለ ስሜ ልከራከር። ጠጅ በሻይ ብርጭቆ ነውር ነው። የብርሌው ቀጭን አንገት ዝንብ ይከለክላል፣ ሲያዘነብሉት አተላውን ከሆዱ ያስቀራል፣ ቀለሙንም ያሳያል።

ወይራ ጭስ፦
ለመጠጣት እንዳልከው ነው፣ ለመቅመስ ግን አፍንጫ አይገባበትም። 50 ሚሊ ሊትር ደግሞ ብርሌ ሥር ጠፍቶ ይቀራል፣ ቀጂዋም “ምን ሰስታ ነው” ትባላለች። ሁለት ብርሌ ሞልታችሁ ቀለሙ እንዲታይ ጠረጴዛው ላይ አቁሙ፣ ማቅመሻው የሻይ ብርጭቆ ይሁን። አንዱ ብርጭቆ ላይ በመርፌ 50 ሚሊ ሊትር ውሃ ለክታችሁ ጨምሩ፣ የደረሰበትን በፕላስተር ምልክት አድርጉ፤ ቀጂዋ በዚያ ትቅዳ። ያለ ምልክት የሚቀዳ እጅ ሦስተኛው ሰው ላይ 80 ይደርሳል፣ ጠጁም ስልሳኛው ሰው ጋ ሳይደርስ ያልቃል።

የኮሚቴው ጸሐፊ፦
እግዚአብሔር ይስጥልን። ያልተነጋገርንበት አረቄውና ክፍያው ነው። 60ውን ሰው በአንዴ ማስተናገድስ ይቻላል?

የጓዳ ሰው፦
በአንዴ አይሆንም። 15 ሰው በአራት ዙር፣ ለአንድ ዙር 40 ደቂቃ። ከ9 ሰዓት ብትጀምሩ 11 ከ40 ላይ ያልቃል። ሰዓቱን ቲኬቱ ላይ ጻፉ፤ “9 ሰዓት” ብቻ ካላችሁ ግማሹ 10 ሰዓት ላይ ይመጣል፣ ወረፋውም ጠላው ጋ ይቆማል።

ክፍያ፦ አምራቾቹ በነፃ ያምጡ አትበሉ። የሚያመጡትን በመሸጫ ዋጋ ግዙ፣ በበረዶና በብርጭቆ ኪራይ ላይ ደምሩ፣ ለ50 አካፍሉት፣ ለ60 አይደለም። ቲኬት ይዞ የሚቀር አለ፣ በነፃ የሚገባ የዕድር ሽማግሌም አለ። ትዕዛዝ መቀበያ ደብተር ለያንዳንዷ ጠረጴዛ፤ ስም፣ የቤት ቁጥር፣ ልክ፣ የመረከቢያ ቀን።

አረቄው ይቅርባችሁ። ዳግም፣ ማለትም ሁለቴ የወጣ አረቄ፣ አልኮሉ ከ40 በመቶ በላይ ሊደርስ ይችላል። ሲወጣ መጀመሪያ የሚንጠባጠበው፣ መጠጣት የሌለበት፣ ተደፍቶ ይሁን ተቀላቅሎ በመልኩም በሽታውም አታውቁም። ያለ አረቄ፣ ጠላውና ሁለቱ ጠጆች ተደምረው የአንድ ሰው ድርሻ ከአንድ ጠርሙስ ቢራ አይበልጥም፤ ሰው ጨዋ ሆኖ ይገባል። አረቄ ከመጣ ሒሳቡ ይፈርሳል።

አቦል፦
እኔ 10 ሚሊ ሊትር በመጨረሻ ቢሰጥ ባይ ነበርኩ። ግን የጓዳ ሰው እውነቱን ነው፤ ያወጣውን ሰው ሥራ ቆሞ ያላየ ኮሚቴ ኃላፊነቱን አይውሰድ። ደግሞ ከ21 ዓመት በታች ለሆነ አልኮል መሸጥ በሕግ የተከለከለ ነው። ለወጣቶች የሌላ ቀለም ቲኬት ስጡ፣ ጠላውና ጠጁ ጋ ያለችው ቀጂ ፊት እያየች ዕድሜ አትገምት።

የኮሚቴው ጸሐፊ፦
ተረድተናል፣ አረቄው ቀርቷል። የተረፈውን ጠጅ ጠጅ ጣዮቹ መልሰው ጋኑ ውስጥ ይጨምሩት?

ወይራ ጭስ፦
በፍጹም። ከሰዓቱን ሙሉ አየር የነካው፣ ጎማና ጭልፋ የገባበት ጠጅ ነው፤ ጋኑን በሙሉ ያኮመጥጠዋል። የዚያኑ ማታ ድንኳን ለሚያፈርሱት ስጧቸው።