«ሩጫውን ጨርሼአለሁ» ሲባል ምን ማለት ነው?

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሰሞኑን ለቅሶ ሄጄ ነበር። ከሟቿ እናታችን ፎቶ ሥር «መልካሙን ገድል ተጋድዬአለሁ፥ ሩጫውን ጨርሼአለሁ» ይላል። ነገሩ ውስጤ ቀረ። «ሩጫ በዛብኝ» ብለን የምንማረርበት ቃል እዚህ ጋ እንዴት ክብር ሆነ? «ገድል»ና «ገደለ»ስ ዘመድ ናቸው?

የዳገት ሰው፦
እግዚአብሔር ያጽናችሁ። ጥቅሱ 2ኛ ጢሞቴዎስ 4፥7 ነው። አዎ፣ የሁለቱ ቃላት ሥር አንድ ነው። ግን በግዕዝ «ተጋደለ» ማለት ታገለ፣ ተፎካከረ ነው። የግሪኩ ቃል «አጎን» የስታዲየም ውድድርንም ትግልንም ይይዛል። እኛ ጋ ቃሉ ወደ ቅዱሳን ሄደ፤ «ገድለ ተክለ ሃይማኖት» እንላለን። ሰማዕቱንም ግዕዙ «መስተጋድል» ይለዋል።

እኔን የሚገርመኝ ግን «ጎሰመ» ነው። 1ኛ ቆሮንቶስ 9፥27 ላይ «ሥጋዬን እየጎሰምሁ አስገዛዋለሁ» ይላል። ግሪኩ ከዓይን በታች መምታት ነው፣ የቦክሰኛ ቃል። የእኛ ተርጓሚዎች የነጋሪቱን ቃል ሰጡን! ጠዋት 12 ሰዓት ላይ የእንጦጦን ዳገት ስወጣ ልቤ ጆሮዬ ውስጥ ይመታል። እግሬ «ይብቃህ» ይለኛል። በሁዳዴ ዘጠኝ ሰዓት ሲቃረብም ሆዴ እንደዚሁ ይለኛል። ያኔ ነው «እየጎሰምሁ» የሚገባኝ። ሥጋን መጥላት አይደለም። ማን እንደሚያዝ ማሳወቅ ነው።

ፈታይዋ፦
እኔ «ዙሩን አከረረው» የሚለውን ልጨምር። ሯጭ ፍጥነት ሲጨምር የምንለው ነው። ከረረ መጀመሪያ የፈትል ቃል ነው። እናቴ እንዝርቷን ስታሾር ክሩ ሲጠብቅ «ከረረ» ትላለች፤ ከልክ ካለፈ ይበጠሳል። ንስሐ የገባሁ ሰሞን እኔም ዙሩን አክርሬ ነበር። ሌሊት ጸሎት፣ በየቀኑ ስግደት፣ ሁሉንም በአንዴ። በሦስተኛው ወር ተቆርጬ ቀረሁ። የንስሐ አባቴ አልተቆጡኝም፤ «ቀንሺና ቀጥዪ» አሉኝ።

ዕብራውያን 12፥1 «ሩጫ በትዕግሥት እንሩጥ» ይላል። ልብ በሉልኝ፣ «ታገሥ» የምንለው ተቀመጥ፣ ጠብቅ ለማለት ነው። እዚህ ግን ትዕግሥት እየሮጠ ነው። ረጅም ርቀት የሮጠ ሰው ይህን ያለ ማብራሪያ ይረዳዋል።

የዳገት ሰው፦
ልክ ነሽ እህቴ። «ጨረሰ»ን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1968 የሜክሲኮ ኦሊምፒክ ማራቶን እዩት። ማሞ ወልዴ በ2:20:26 አሸነፈ። አበበ ቢቂላ ጉዳት ስለነበረበት መንገድ ላይ አቋረጠ። የታንዛኒያው ጆን ስቴፈን አክዋሪ ወድቆ ተጎድቶ ነበር። ጉልበቱ ታስሮ፣ እያነከሰ፣ ከማሞ ከአንድ ሰዓት በላይ ዘግይቶ ስታዲየም ገባ። መሽቷል፣ ሰዉም በአብዛኛው ሄዷል። በአንድ ቀን ሦስት ግሥ፦ አሸነፈ፣ አቋረጠ፣ ጨረሰ። ጳውሎስ ሊሞት ሲል የመረጠው «ጨረሰ»ን ነው።

ጠያቂ፦
አሁን ገባኝ። እናታችን የመጨረሻዎቹን ዓመታት አልጋ ላይ ነበሩ። ማለዳ ማለዳ መቁጠሪያቸውን ይዘው ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ ትዝ ይለኛል። አንድ ልጨምር፦ 1ኛ ቆሮንቶስ 9፥24 ላይ ሯጩ የሚቀበለው ሽልማት «ዋጋ» ተብሏል። እኛ ደግሞ «ዋጋ ከፈለ» እንላለን። የሚከፈለውም የሚቀበሉትም አንድ ቃል የሆነው ከመቼ ጀምሮ ነው?