«ልጅ ነው እያላችሁ ሌባ አታሳድጉ» ለሚለው ንግግር ነው ያጨበጨባችሁት?

የቢሺሼው፦
ትናንት የሰፈር ስብሰባ ላይ የነበራችሁ ሰምታችኋል። እዚሁ ጅማ፣ መርካቶ ስልክ ነጥቀው የተያዙት ሁለት ልጆች ጉዳይ ተነሣ። አንዱ 13፣ አንዱ 14 ነው ተባለ። አንድ የማከብራቸው አባት ብድግ አሉና «ልጅ ነው እያላችሁ ሌባ አታሳድጉ፣ ከትልልቆቹ ጋር ይታሰሩና ይቅመሱት» አሉ። አዳራሹ አጨበጨበ። እሳቸው ተናደው ነው፣ ይገባኛል። ያ ጭብጨባ ግን እስከ ሌሊት ጆሮዬ ላይ ነበር።

ባለሱቋ፦
ካጨበጨቡት አንዷ እኔ ነኝ። ስልኩም የኔ ነው። የዕቁቤን ብር አውጥቼ የገዛሁት፣ የደንበኞቼ ስልክ ቁጥር በሙሉ ያለበት። ሲነጥቀኝ ገፍትሮኝ ክንዴ ተላልጧል። ሌባ አሳዳጊው ማነው ታዲያ? እኔ ነኝ?

የሕግ ልጅ፦
እህቴ፣ ለክንድሽ አዝናለሁ። ግን «ከትልልቆቹ ጋር ይታሰሩ» የሚለው በሕጋችን የለም። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 53 ከ9 እስከ 15 ዓመት ያለ ልጅ ከአዋቂ ወንጀለኛ ጋር እንዳይታሰር ይከለክላል። ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 36 ላይ ማረሚያ የገቡ ልጆች ከአዋቂ ተለይተው ይያዙ ይላል። ከ9 ዓመት በታች ከሆነ ደግሞ ጭራሽ በወንጀል አይጠየቅም።

ባለሱቋ፦
አንቀጹን ተወውና መልስልኝ። ሌባ አሳዳጊው ማነው?

ባለ ባጃጁ፦
እኔ ልመልስልሽ። የኔን ሌብነት ያሳደገው ያ ክፍል ነው።
14 ዓመቴ ላይ ከቆመ መኪና ውስጥ ጃኬት አንሥቼ ተያዝኩ። የት ከተማ እንደሆነ ይቅር። ሦስት ሳምንት ከትልልቆች ጋር አንድ ክፍል አደርኩ። ስገባ የማውቀው ክፍት በር ማየት ብቻ ነበር። ስወጣ የተቆለፈ መኪና በምን እንደሚከፈት፣ ዕቃውን ማን እንደሚገዛ፣ ፖሊስ ሲጠይቅ ምን እንደሚባል አውቄ ወጣሁ። አንዱ ሰውዬ ምግቡን ያካፍለኝ ነበር። ማታ ማታ የሚመቱኝን የሚከለክልልኝም እሱ ነው። ሲወጣ ፈልጎ አገኘኝና ሥራ ሰጠኝ። ምን ሥራ እንደሆነ ታውቂዋለሽ። «ይቅመሱት» ስትሉ እኔ የቀመስኩት ይሄንን ነው።

ከሄርማታ፦
ወንድሜ፣ አንተ ተለውጠሃል፣ አልሐምዱሊላህ። ሁሉም ግን እንዳንተ አይደለም። ከገጠር እየመጡ ከተማውን የሚያበላሹ ልጆች አሉ።

የቢሺሼው፦
«ከገጠር እየመጡ» ስትል ምን ማለትህ ነው?

ከሄርማታ፦
ማለቴ ያው ግልጽ ነው። የጅማ ልጅ እንዲህ አያደርግም።

እህታችሁ፦
እኔም ከሰቃ ነው የመጣሁት፣ ከገጠር። ይሄ ነገር አመመኝ። ከእንደዚህ ዓይነት ልጆች ጋር ስሠራ አምስት ዓመቴ ነው። ከዴዶ ሊስትሮ ልሠራ ብሎ የመጣም አለ፣ እዚሁ አዌቱ ወንዝ ዳር ተወልዶ ያደገም አለ። ረሃቡ ሰፈር አይለይም።

ከሄርማታ፦
እሺ ይቅርታ፣ ቃሉን ላንሣ። ሐሳቡን ግን አላነሣም። ዕድሜያቸውንም ይዋሻሉ። 17 ሆኖ 14 ነኝ የሚል ስንት አለ!

የሕግ ልጅ፦
ይሄኛው እውነት ችግር ነው። የልደት ምዝገባ በአገር ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። እነዚህ ልጆች ከዚያ በፊት የተወለዱ ናቸው፣ ስለዚህ ወረቀት ላይኖራቸው ይችላል። ያኔ ሐኪም በግምት ይናገራል። ያ ግምት ደግሞ ከባድ ነው። 15 ካለፈ ሌላ ድንጋጌ ነው የሚሠራበት፣ ምንም እንኳ ፍርድ ቤቱ ቅጣቱን ማቅለል ቢችልም።

እህታችሁ፦
የሚዋሹትስ ለምን ይመስላችኋል? መጀመሪያ ስማቸውንም አይነግሩኝም። አንዱ ሁለት ወር ሙሉ በውሸት ስም ስጠራው ከረመ። በሦስተኛው ወር ደብተር ግዢልኝ አለኝ። ስሙን ራሱ ጻፈበት፣ ያኔ አወቅሁት። እስከዚያ ድረስ ልጁ የሚጠብቀው እኔ የምሰለችበትን ቀን ነበር። ብዙ ሰው ሰልችቶታልና።

ጋሼ ጡረተኛው፦
ልጆቼ፣ በኛ ጊዜ ጎረቤት ሁሉ አባት ነበር። አጥፍቶ የተገኘን ልጅ ገርፈን ወደ ቤቱ እንመልሰው ነበር። አሁን ልጁን መቆጣትም ቀረ። ሰውዬው ሌባ አታሳድጉ ማለታቸው ይህን ነው።

የቢሺሼው፦
ጋሼ፣ አክብሬዎት ነው። መቆጣትና ከነፍሰ ገዳይ ጋር ማሳደር አንድ ነው እንዴ?

ጋሼ ጡረተኛው፦
አንድ ነው አላልኩም፣ ልጄ። ቅጣት ይኑር ነው ያልኩት።

የሕግ ልጅ፦
ቅጣት አለ እኮ ጋሼ። ተግሣጽ አለ። ከትምህርት ቤት ወይም ከቤት እንዳይወጣ አድርጎ ሥራ መስጠት አለ። ከባድ ሲሆን ማረሚያ ተቋም መላክ አለ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት። ደግሞ ልጁን ለዘመድ ወይም ለታመነ ሰው መስጠትም አለ። ያ ሰው ልጁን በደንብ እንደሚይዝ ፍርድ ቤት ቀርቦ በጽሑፍ ግዴታ ይገባል።

ባለሱቋ፦
ማረሚያ ተቋም ትላለህ፣ የት ነው ያለው? ልደታ? አዲስ አበባ ድረስ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

እህታችሁ፦
እዚህ ላይ ልክ ነሽ እህቴ፣ አልከራከርሽም። የልደታው ለረጅም ዘመን በአገሪቱ ብቸኛው ነበር። እናት ልጇን ልትጠይቅ ጅማ ተነሥታ እዚያ ድረስ? በየሳምንቱ ምግብ ይዘው የሚመጡት እናቶች ናቸው፣ አባት ሲመጣ ብዙ አላየሁም። የመሳፈሪያ ብር ከሌላት ልጁ ያለ ሰው ቀረ ማለት ነው።

ባለ ባጃጁ፦
ለኔ የፈረመልኝ የጋራዥ ባለቤት ነው። ዘመዴ አይደለም። ሁለተኛ ስያዝ መጣና «ይሄን ልጅ እኔ እይዘዋለሁ» አለ። ዓመት ሙሉ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ጋራዡ በር ላይ ያየኛል። አንድ ቀን ቀረሁ፣ ቤቴ ድረስ መጣ። ባጃጁን የጀመርኩት በሱ ዋስትና ነው። ከአዳራሹ ጭብጨባ መሀል አንድ ሰው «እኔ እፈርማለሁ» ቢል ምን ነበረበት?

ባለሱቋ፦
አንተ ፈርምላ።

ከሄርማታ፦
ደግሞ ነጥቀው የሚሸጡለት ሰው አለ። እሱን ማንም አላነሣውም።

የቢሺሼው፦
በመጨረሻ ተስማማን! የተሰረቀ ስልክ የሚገዛው ትልቅ ሰው ነው። ሚስትና ልጆች ያሉት። ሌባ የሚያሳድገው እሱ ነው።

ጋሼ ጡረተኛው፦
እሱም ይታሰር። ልጁም ይቀጣ።

እህታችሁ፦
ልጆቹ ሐሙስ የፍርድ ቤት ቀጠሮ አላቸው። የ14 ዓመቱ እናት ዴዶ ናት፣ መያዙን ገና አልሰማችም። የልጁን ስም እዚህ ማንም እንዳይጽፍ፣ እለምናችኋለሁ።

ባለ ባጃጁ፦
አልጽፍም። ነገ ጠዋት ዴዶ እሄዳለሁ። ሰፈሩን በውስጥ ላኪልኝ። ባለሱቋ፣ ፈርም ብለሽኛል፣ ዳኛው ከተቀበለኝ እፈርማለሁ።

ባለሱቋ፦
ሂድ፣ እናቱ ትስማ። ሐሙስ እኔም እመጣለሁ። ሐሳቤን ግን አልቀየርኩም።

የሕግ ልጅ፦
የልጆች ጉዳይ በዝግ ነው የሚታየው። ምስክር ሆነሽ ከተጠራሽ ግን ትገቢያለሽ።

ባለሱቋ፦
ተጠርቻለሁ።