ዊንዶውስ 11 ካደረግኩ በኋላ ሁለተኛው ሃርድ ዲስክ ጠፋ፣ ዳታው ሳይነካ እንዴት ልመልሰው?

ጥያቄ (የዲ ባለቤት)
ሰላም ወገኖች እንዴት ናችሁ። ዴስክቶፔን ከዊንዶውስ 10 ወደ 11 አፕግሬድ አደረግኩት፣ በሰላም አለቀ፣ ግን "ዲስ ፒሲ" ውስጥ ስገባ ሲ ብቻ ነው ያለው ዲ የሚባል ነገር የለም። ዲ ለብቻው የተገጠመ 2 ቴራ ሃርድ ዲስክ ነው፣ የልጆቼ ፎቶ ከተወለዱ ጀምሮ ያለው እሱ ላይ ነው። አንድ ሰው ፎርማት ካደረግሽው ይመጣል አለኝ፣ እኔ ግን ፈርቼ ምንም አልነካሁም። እባካችሁ የምታውቁ እርዱኝ።

መልስ (ሰሌዳ)
እህቴ በፍጹም ፎርማት እንዳታደርጊ!! ዲስኩ ይመጣል፣ ባዶውን ግን። አፕግሬዱ የሚሠራው ሲ ላይ ስለሆነ ዲ ላይ ያለው ብዙ ጊዜ እንዳለ ነው። የዊንዶውስ ቁልፍና ኤክስን አንድ ላይ ተጫኚና "ዲስክ ማኔጅመንት" የሚለውን ክፈቺ፣ ከታች በኩል ዲስክ 0፣ ዲስክ 1 እያለ ይደረድርልሻል፣ ያንቺን 1863 ጂቢ አካባቢ ብሎ ነው የሚጽፈው፣ ጎደለ ብለሽ እንዳትደነግጪ ዊንዶውስ ሲቆጥር እንደዛ ነው። ከላዩ ያለው መስመር ሰማያዊ ነው ወይስ ጥቁር? ግራ በኩል ያለው ሳጥን ላይስ ወደ ታች ያየ ቀይ ቀስት አለ? "ኢኒሻላይዝ ዲስክ" የሚል መስኮት ከመጣብሽ ካንስል በይው፣ ኦኬ ካልሽው አዲስ የፓርቲሽን ሰንጠረዥ (ዲስኩ እንዴት እንደተከፋፈለ የሚይዘውን ዝርዝር) ይጽፍበታል።

መልስ (ኬብል)
ዝርዝሩ ላይ ጭራሽ ከሌለ ሪስታርት አድርጊና ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው የኮምፒውተሩ ሴቲንግ) ውስጥ እዪው። እዛም ከሌለ ኮምፒውተሩን አጥፍተሽ ከሶኬት ነቅለሽ የሳታውንም (ዲስኩን ከማዘርቦርዱ ጋር የሚያገናኘውን) የፓወሩንም ኬብል አውጥተሽ መልሰሽ ጥብቅ አድርገሽ ሰኪ። ባዮስ ላይ ኖሮ ዊንዶውስ ላይ ከሌለ የስቶሬጅ ኮንትሮለሩን (ዲስኮቹን የሚቆጣጠረውን ክፍል) ድራይቨር ከማዘርቦርዱ አምራች ሳይት አውርደሽ ሞክሪ። ሌላው ደግሞ ዊንዶውስ 11 ቲፒኤም 2.0 የሚባለውን የደህንነት ቺፕ ስለሚፈልግ እሱን ለማብራት ባዮስ ሲነካካ የሳታ ሞዱም (ኮምፒውተሩ ዲስኮቹን የሚያነብበት መንገድ) አብሮ ተቀይሮ ሊሆን ይችላል፣ ግን ዝም ብለሽ እንዳትቀያይሪው፣ ዊንዶውሱ ራሱ አልነሳም ሊል ይችላል።

የዲ ባለቤት
ዲስክ 1 ብሎ አለ! መስመሩ ሰማያዊ ነው፣ "ኸልዚ" (Healthy፣ ጤነኛ) ይላል፣ ቀይ ቀስት የለውም፣ ግን ፊደል አልተጻፈበትም።

መልስ (ሰሌዳ)
እሰይ፣ ፊደሉ ብቻ ነው የጠፋው። ሰማያዊው ላይ ራይት ክሊክ አድርገሽ "ቼንጅ ድራይቭ ሌተር ኤንድ ፓዝስ" በይ፣ ከዛ "አድ"፣ ከዛ ዲን መርጠሽ ኦኬ። ዲ ምርጫው ውስጥ ከሌለ ፍላሽ ወይም ዲቪዲው ወስዶታል ማለት ነው፣ መጀመሪያ ለሱ ሌላ ፊደል ስጪው። ሌላ ፊደልም ቢሆን ይከፈታል ግን የድሮ ሾርትከቶችሽ በሙሉ የሚያውቁት ዲን ስለሆነ እሱን ብትመልሽለት ይሻላል። ቀይ ቀስት ቢኖረውና "ኦፍላይን" ቢል ኖሮ ደግሞ ግራ ያለው ሳጥን ላይ ራይት ክሊክ አድርጎ "ኦንላይን" ማለት ነበር።

የዲ ባለቤት
መጣ!!! ፎቶዎቹ ሁሉም አሉ፣ እግዚአብሔር ይስጣችሁ። አሁኑኑ ኤክስተርናል ላይ እየገለበጥኩ ነው።

ጥያቄ (ጥቁር መስመር)
ይቅርታ እዚሁ ልጠይቅ፣ የኔም ከአፕግሬድ በኋላ ነው ግን መስመሩ ጥቁር ሆኖ "አንአሎኬትድ" (ያልተመደበ ቦታ) ይላል። ኒው ቮልዩም ልበለው?

መልስ (ኬብል)
አትበለው ወንድሜ! ፓርቲሽኑ አልታይ ስላለው ነው እንጂ ፋይሎቹ ሊኖሩ ይችላሉ፣ ምንም አትጻፍበት። ቴስትዲስክ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፣ ሌላ ዲስክ ላይ አድርገህ አስነሳውና "አናላይዝ" ከዛ "ክዊክ ሰርች" በል፣ የድሮውን ፓርቲሽን ካገኘልህ የ"P" ቁልፍን ተጭነህ ፋይሎቹን እያቸውና በመጀመሪያ ወደ ሌላ ዲስክ ኮፒ አድርጋቸው፣ "ራይት" (Write፣ ዲስኩ ላይ ጻፍ) የምትለው ከዛ በኋላ ነው። ዲስኩ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ካለው ግን ይሄን ሁሉ ተወው፣ አጥፍተህ ለዳታ ሪከቨሪ ባለሙያ ስጠው፣ በሠራ ቁጥር ይብስበታል።