መኪኖቹን በራዲዮ ካርታ ላይ እናውጣ ወይስ ስልክ ይበቃናል?

አወያይ፦ ወገኖች፣ በመጸው ሜሪላንድ ውስጥ በሚካሄድ የበጎ አድራጎት የብስክሌት ጉዞ ላይ ራዲዮ ይዘን እንድናግዝ ተጠይቀናል። መንገዱ 100 ማይል ነው። ስምንት ማረፊያዎችና አሥራ አምስት መኪኖች ይኖራሉ፤ አምቡላንስ፣ የጥገና መኪና፣ የደከሙትን የሚያነሱ። ከመካከላችን ገሚሱ በእያንዳንዱ መኪና ላይ ኤ ፒ አር ኤስ ይገጠም ይላል። ለማያውቁት፣ ጂ ፒ ኤስ ያገኘውን ቦታ በአማተር ራዲዮ፣ ማለትም ፈቃድ ያላቸው የራዲዮ አፍቃሪዎች በሚጠቀሙበት ሞገድ፣ በራሱ እየላከ ካርታ ላይ የሚያስቀምጥ ትንሽ መሣሪያ ነው። ገሚሱ ደግሞ «ሁሉም ሰው ስልክ ይዞ ሳለ ይህ የሽማግሌዎች ጨዋታ ነው» ብሏል። ስድብ አልፈቅድም፤ ሌላውን ሁሉ ተናገሩ።

ባለብስክሌቱ፦ «የሽማግሌዎች ጨዋታ» ያልኩት እኔ ነኝ። ጋሼን አስቀይሜ ከሆነ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ሐሳቤን ግን አላነሳም። ዛሬ ማንም ሹፌር ያለበትን ቦታ በስልኩ ለአስተባባሪው ማሳየት ይችላል። የራዲዮ ፈቃድ ፈተና አይፈተንም፣ አንቴና ጣሪያ ላይ አይሰቅልም። እኛ ግን የመኪና ባትሪ፣ ሽቦና ላፕቶፕ ተሸክመን እንመጣና ግማሽ ቀን ስንገጣጥም እንውላለን። አዘጋጆቹ ያንን ግርግር አይተው በሆዳቸው ምን እንደሚሉ ብታውቁ!

ጋሼ ባለአንቴናው፦ አልተቀየምኩም ልጄ፤ ሽማግሌነቴን መስታወት በየቀኑ ይነግረኛል። ግን ይህ ሥርዓት ከመሠረቱ ለእንዲህ ዓይነት ቀን የተሠራ ነው። ፈጣሪው ቦብ ብሩኒንጋ በአናፖሊስ የባሕር ኃይል አካዳሚ መሐንዲስ የነበሩ ሰው ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2022 አርፈዋል። በ1984 የዚህን ሥርዓት ቀዳሚ በኮሞዶር ኮምፒውተር ላይ አዘጋጅተው የተጠቀሙበት 160 ኪሎ ሜትር በሚሸፍን የፈረስ ውድድር ላይ ነበር። የትኛው ፈረስ የት ደረሰ፣ የትኛው ታመመ የሚለውን ለማወቅ ማለት ነው። የእኛ ብስክሌት ከዚያ በምን ይለያል?

ስልክ ይበቃል ለምትለው ደግሞ የቦስተን ማራቶንን ላስታውስህ። ሚያዝያ 2013፣ ሌሊሳ ዴሲሳ አሸንፎ ከሁለት ሰዓት ተኩል በላይ ካለፈ በኋላ መጨረሻው መስመር አጠገብ ሁለት ቦምብ ፈነዳ። ከ5,000 በላይ ሯጮች ገና መንገድ ላይ ነበሩ። በደቂቃዎች ውስጥ የስልክ መስመሩ ሁሉ ተጨናነቀ፤ ሚስት ባሏን፣ እናት ልጇን ማግኘት አቃታት። በየጣቢያው የነበሩት የራዲዮ አማተሮች ግን እርስ በርሳቸው መነጋገራቸውን ቀጠሉ። ሌሊሳ ሜዳሊያውን ለከተማው ሕዝብ ሲሰጥ ሁላችንም አይተናል፤ ስለነዚያ ራዲዮ ስለያዙ ሰዎች ግን ማንም አላወራም።

ባለብስክሌቱ፦ ጋሼ፣ ይህ ምሳሌ ለእኔ ነው የሚያገለግለው። በዚያ ቀን የጠቀመው ሰው ለሰው የተናገረው ድምፅ ነው። በድምፅ ራዲዮ መጠቀምን ማን ተቃወመ? እኔ የምጠይቀው ካርታ ላይ የምትንቀሳቀሰዋ ነጥብ ለምን ታስፈልጋለች ነው። በዚያ ላይ ሯጮቹ ጫማቸው ወይም ደረታቸው ላይ ቺፕ አላቸው፤ የት እንደደረሱ ይታወቃል።

ጋሼ ባለአንቴናው፦ ቺፑ የሚናገረው ሯጩ መንገዱ ላይ የተነጠፈውን የቺፕ ማንበቢያ ምንጣፍ ሲረግጥ ብቻ ነው። በሁለት ምንጣፍ መካከል የወደቀ ሰው ለቺፑ የለም። ነጥቧ የምታስፈልገው ደግሞ ድምፁን ለማትረፍ ነው። በአንድ ሞገድ ላይ ሃያ ሰው ተቀምጦ በየአምስት ደቂቃው «አራተኛው መኪና የት ነህ?» «ድልድዩ ጋ።» «የትኛው ድልድይ?» ሲባል አንድ ጊዜ ቁጭ ብለህ ስማ። የቆሰለ ሰው ያገኘው ጣቢያ ተራ እየጠበቀ ነው። ካርታው ያንን ጥያቄ ሁሉ ዝም ያሰኘዋል።

ነርሷ፦ ጋሼ፣ ያክብሩልኝ፣ እኔን ግን ካርታው ራሱ ዝም አሰኝቶኛል። ከጥቂት ዓመት በፊት ስሙን በማልጠቅሰው አንድ ዝግጅት ላይ በማረፊያ ጣቢያ ነበርኩ። አንድ ሰው በሙቀት ተዝለፍልፎ ወደቀብኝ። አስተባባሪው ካርታውን እያየ «አምቡላንሱ ሁለት ማይል ላይ ነው፣ እየመጣ ነው» አለኝ። ጠበቅሁ። ነጥቡ እዚያው ሁለት ማይል ላይ ቆሞ ቀረ። ለካ አምቡላንሱ ከሃያ ደቂቃ በፊት ኮረብታው ጀርባ ገብቶ ሞገዱ ጠፍቶበት ኖሯል፤ ካርታው የሚያሳየው የመጨረሻ ቃሉን ነበር። እኔ በዚህ መሐል ሌላ መኪና መጥራት እችል ነበር። ሰውየው ተርፏል፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ከዚያ ወዲህ ግን የምትንቀሳቀስ ነጥብ ሳይ ሆዴ ይባባል።

ኢንጂነሯ፦ እኅቴ የገለጸችው ብልሽት እንዳይመስላችሁ። አሠራሩ ይህ ነው። መሣሪያው ቦታውን ይልካል፣ ደርሶ እንደሆነ የሚመልስለት የለም፤ ካልደረሰም ደግሞ አይልክም፣ ቀጣዩን ተራ ይጠብቃል። ፍጥነቱ በሰከንድ 1,200 ቢት ነው። በሰሜን አሜሪካ ደግሞ ሁሉም ሰው የሚጠቀመው አንድ ፍሪኩዌንሲ ነው፤ 144.390 ሜጋ ኸርዝ። ከዋሽንግተን እስከ ባልቲሞር ያለው አማተር ሁሉ እዚያው ላይ ነው።

ትንሽ ስሌት ታገሡኝ። አንድ መልእክት ግማሽ ሰከንድ ያህል ሞገዱን ይይዛል እንበል። አሥራ አምስት መኪኖች በየደቂቃው ቢልኩ ሰባት ሰከንድ ተኩል ነው። የሰማውን መልሶ የሚልከው ደጋሚ ጣቢያ አንድ ጊዜ ሲያስተላልፈው አሥራ አምስት ሰከንድ ይሆናል፤ ከስድሳው ሰከንድ አንድ አራተኛው ማለት ነው። ብዙዎቹ ርካሽ መሣሪያዎች ከመላካቸው በፊት ሌላው እየተናገረ መሆኑን አያዳምጡም፤ ስለዚህ ይጋጫሉ። የሃዋይ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች በ1970ዎቹ መጀመሪያ ለእንዲህ ዓይነቱ የሞገድ አጠቃቀም ባወጡት ቀመር ሳሰላው ከአሥር መልእክት አራቱ ይጠፋሉ። ይህ የሌሎቹ ሰዎች ጭነት ሳይደመር ነው። አሥራ አምስቱም መኪኖች በየደቂቃው እንዲልኩ ማድረግ ማንንም ላለመስማት መስማማት ነው።

በሌላ ፍሪኩዌንሲ ብንሄድ፣ በየሁለት ደቂቃው ብንልክና ደጋሚ ትተን አንድ ተቀባይ ከፍታ ላይ ብናስቀምጥ ግን ኪሳራው ከአሥር አንድ ገደማ ይሆናል። አራት መኪና ብቻ ብናደርገው ከዚያም ያንሳል። ተቀባዩ ላፕቶፕ ኢንተርኔት አያስፈልገውም፤ ካርታው ቀድሞ ተጭኖ እዚያው ይሣላል። ስልክ ይህን አይችልም፤ መስመሩ ሲወድቅ ካርታውም አብሮ ይወድቃል።

ባለብስክሌቱ፦ ስሌቱን ተቀብያለሁ። አሁን ደግሞ ሌላውን ልንገራችሁ። ሕጉ የምንልከውን ትርጉም በሚደብቅ ኮድ እንዳንልክ ይከለክላል። ስለዚህ የምንልከው ሁሉ ለማንም ክፍት ነው። ከዚያ አልፎ የማናውቀው ሰው ጣቢያ ከሞገድ አንሥቶ ኢንተርኔት ላይ ይለጥፈዋል፤ ዓለም በሙሉ ያየዋል። ሹፌሮቹ ይህን ያውቃሉ? ማን ጠየቃቸው? በስልክ ቢሆን የሚያየው የተፈቀደለት ብቻ ነው።

ጋሼ ባለአንቴናው፦ የምንከታተለው መኪና ነው እንጂ ሰው አይደለም። አምቡላንስ በጠራራ ፀሐይ አስፋልት ላይ ሲሄድ ምን ምስጢር አለው? የታካሚ ስም በአየር ላይ አንጠራም፤ የደረት ቁጥሩን ብቻ ነው የምንለው። ይህን ነርሷም ታውቃለች።

ነርሷ፦ አውቃለሁ። ግን አንድ ቀን አንድ ሹፌር መሣሪያውን ረስቶ ቤቱ ይዞት ይሄዳል። ያን ጊዜ ካርታው ላይ የሚታየው የልጆቹ መኝታ ቤት ነው።

ባለብስክሌቱ፦ ይኸው!

አዲስ አበቤው፦ ከሩቅ ጣልቃ ስለገባሁ ይቅርታ። እዚህ አምስት ኪሎ ባለው የዩኒቨርሲቲው ክለብ ጣቢያ፣ በኢ ቲ 3 ኤ ኤ የጥሪ ምልክት (በአየር ላይ በሚጠራበት መለያ)፣ ራዲዮ የመነካካት ዕድል ያገኘሁ ሰው ነኝ። የእናንተን ክርክር ሳነብ ቀናሁ። እኛ እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ በየዓመቱ የሚካሄደው ታላቁ ሩጫ አለን። መስቀል አደባባይ በዚያ ጠዋት ቆማችሁ ስልክ ለመደወል ሞክሩና ስለ መጨናነቅ እንነጋገራለን። በእኛ በኩል ያለው የዓለም ክፍል የሚጠቀመው ፍሪኩዌንሲ 144.800 ነው፤ በየመኪናው የሚገጠም መሣሪያ ግን ለእኛ ገና ሕልም ነው። «ስልክ ይበቃል» ማለት ስልክ የማይቋረጥበት አገር ቋንቋ ይመስለኛል።

ኢንጂነሯ፦ ያልተነሣ ነገር አለ። የሚልከው ጣቢያ በአንድ ፈቃድ ባለው ሰው የጥሪ ምልክት ነው የሚናገረው፤ ለሚልከው ሁሉ ተጠያቂው ያ ሰው ነው። ፈቃድ የሌለው ሹፌር መኪና ላይ የጋሼን መሣሪያ ብናስቀምጥ ማን ነው የሚቆጣጠረው? ጋሼ ከአርባ ማይል ርቀት?

ጋሼ ባለአንቴናው፦ እዚህ ላይ እኔም ልቤ ይከፈላል። ብዙ ቦታ ሲደረግ አይቻለሁ፤ ትክክል ነው ብዬ ግን አልምልም። ለእኔ ንጹሑ መንገድ በእያንዳንዱ መኪና ከሹፌሩ ጎን አንድ ባለፈቃድ ማስቀመጥ ነው። ፈተናው 35 ጥያቄ ነው፣ 26 ከመለስክ አለፍክ። ልጄ፣ አንተ አንድ ቅዳሜ ብትሠዋ ይበቃሃል።

ባለብስክሌቱ፦ እንግዲህ አሥራ አምስት መኪና፣ አሥራ አምስት ባለፈቃድ። ስንት ነን?

አወያይ፦ ሰባት። ከሰባቱ ሦስቱ ማረፊያ ጣቢያ ላይ ያስፈልጋሉ። ስለዚህ አራት መሣሪያ፤ ሁለቱ አምቡላንሶች፣ ከመጨረሻው ብስክሌተኛ ኋላ የምትሄደዋ መኪናና የደከሙትን የምታነሣዋ ትልቋ። የቀሩት በስልክ ይሁኑ። ነርሷ፣ ትስማሚያለሽ?

ነርሷ፦ ካርታው ከነጥቡ ጎን ስንት ደቂቃ እንደሆነው ካሳየና አምስት ደቂቃ ያለፈውን በቀይ ካደረገ እስማማለሁ። አስተባባሪውም ቀይ ነጥብ አይቶ «እየመጣ ነው» እንዳይለኝ።

ጋሼ ባለአንቴናው፦ ይደረጋል። ጉዞው ሲያልቅ መሣሪያዎቹን ከመኪኖቹ ላይ የምነቅለው እኔ ራሴ ነኝ። ለዚያ ቤት ጉዳይ።

ባለብስክሌቱ፦ አሁንም ሹፌሮቹ አስቀድመው ይጠየቁ እላለሁ። አንዱ እንኳ እምቢ ካለ የእርሱ መኪና በስልክ ትሁን።